ግድግዳ ሥር ያለው ቆርቆሮ

ጥቅምት 2010 ላይ ብሔራዊ ባንክ ብርን በ15 በመቶ ሲያዳክም ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። እናቴ ደስ አላት፤ ለቤቷ ጣሪያ እያጠራቀመች ነበር። 2014 ላይ ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። ጦርነቱና ድርቁ ዕቃ አሳነሱ፤ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ የሚበደረው ብር ደግሞ ገበያው ውስጥ በዛ። እስቲ አስሉት፦ 100 ብራችሁ በዓመቱ 107 ይሆናል፤ የ100 ብሩ ዕቃ ግን 130 ይገባል።

እናቴ ይህን ያስተማራት የለም። ብሯን አወጣችና ቆርቆሮ መግዛት ጀመረች፤ ሲሞላላት ሁለት፣ ሳይሞላላት አንድ። ብልህ ናት። ግን ሁላችንም እንደሷ ካደረግን፣ ባንኩ ለጎረቤታችን ልጅ ሱቅ መክፈቻ የሚያበድረውን ከየት ያመጣል? ሰው ብሩን መያዝ ሲፈራ እንዲህ ነው፤ ቁጠባው ግድግዳ ሥር ተደርድሮ ዝናብ ይመታዋል።