የአባባ ካልሲ

ከቢሮ ወጥቶ እስኪተኛ ድረስ ያለውን ጊዜ ወጣቱ ሁሉ በየፊናው ያሳልፈዋል፤ አንዱ በካርታ፣ አንዱ በቡና ቤት ጨዋታ። እኔ ግን ካልሲ እሠራለሁ። ይህን የሰሙ ባልደረቦቼ «ወንድ ልጅ መርፌ ይዞ ይቀመጣል ወይ?» እያሉ ይሥቁብኛል። በአገራችን እናቶች የፈተሉትን ጥጥ ሸማ አድርጎ የሚሠራው በአብዛኛው ወንድ መሆኑን ሳነሣባቸው ግን ዝም ይላሉ።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የደብዳቤ ቁጥር ስጽፍ ስለምውል፣ ማታ ዐይኔን ብጨፍንም ቁጥሩ አይለቀኝም ነበር። የሕፃናት ሹራብ እየሠሩ የሚሸጡ አንዲት ጎረቤቴ ይህን ሰምተው አምስት የሹራብ መርፌዎችና አንድ ጥቅል የሱፍ ክር ሰጡኝ። «በል ልጄ፣ የቢሮውን ቁጥር የሚያስረሳህ ሌላ ቁጥር ቁጠር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። 48 ዐይን በአራት መርፌ ላይ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት አድርጎ ደርድሮ፣ በአምስተኛው መርፌ ዙሪያውን የሚሠራ ሰው የአለቃውን ቁጣ ለማሰብ ፋታ አያገኝም።

የመጀመሪያውን ጥንድ የሠራሁት ደብረ ብርሃን ለሚኖሩት አባቴ ነው። አገሩ ብርዳም ነው፤ አባባም በዘበኝነት ያድራሉ። እንደ ተማርሁት ከአፉ ጀምሬ ወደ ጣቱ ወርጄ ጨረስሁና፣ በኩራት ይዤ ሄድሁ። አባባ ሊያጠልቁት ቢታገሉ ካልሲው ከተረከዛቸው አላልፍ አለ። በመቆም ብዛት እግራቸው ያብጣል። እኔ ልጃቸው ግን በየበዓሉ እየሄድሁ ስጠይቃቸው እግራቸውን አንድ ቀን እንኳ አስተውዬ አላውቅም ነበር።

«እጅህስ ሸጋ ነው ልጄ፤ የከፋው የእኔ እግር ነው» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ተመልሼ ለጎረቤቴ ብነግራቸው «እንግዲያው ከጣቱ ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ» አሉኝ። ዘዴው እንዲህ ነው። ክሩን በሁለት መርፌዎች ላይ ስምንት ስምንት ጊዜ ጠምጥሞ በ16 ዐይን ይጀመራል። ከዚያም በየሁለተኛው ዙር አራት አራት ዐይን ይጨመራል። እኔ 48 ላይ በማቆም ፈንታ 56 አደረስሁት። ለተረከዙ ግማሹን፣ ማለት 28ቱን ብቻ ይዞ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ፣ በየመሥመሩ ጫፍ አንዳንድ ዐይን መተው ነው። በመካከል አሥር ሲቀሩ ደግሞ የተተዉትን አንድ በአንድ መልሶ ማንሣት ነው። ያን ጊዜ ሥራው እንደ ጽዋ ይጎደጉዳል።

ሲነገር ቀላል ነው፤ እኔ ግን ተረከዙን ሦስት ጊዜ ፈታሁት። በመዝገብ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሥርዝ ሆኖ ይቀራል፤ ክር ግን ቢፈቱት እንደገና ይሠራል። ለዚህ ነው ካልሲ መሥራት የሚያሳርፈኝ።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ሥራው ሳያልቅ በእግር ላይ መለካቱ ነው። ስለዚህ አንድ እሑድ ያላለቀውን ካልሲ ከነመርፌው ይዤ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝሁ። አባባን አስቀምጬ፣ ጫማቸውን አውልቄ፣ እግራቸውን በጉልበቴ ላይ አድርጌ ለካሁት። ተረከዙ ልክ ሆነ። አፉንም እዚያው ሁለቱን ዐይን በፊት፣ ሁለቱን በግልባጭ እየሠራሁ ከፍ አደረግሁትና፣ እንዳያጠብቅ በወፍራም መርፌ አላልቼ ዘጋሁት።

ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ከግብፅ የተገኙ፣ ከ1,500 ዓመት በላይ የሆናቸው ቀይ የሱፍ ካልሲዎች አሉ። በአንድ መርፌ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ከነጠላ ጫማ ጋር እንዲሄዱ ጣታቸው ለሁለት የተከፈለ ነው። ያ የጥንት ሠራተኛ ከክሩ አስቀድሞ እግሩንና ጫማውን አይቷል ማለት ነው።

አንባቢዬ ሆይ፣ አንተም ይህን ሥራ ብትጀምር ክሩን በሞቀ ውኃ አትጠበው፤ ይኮማተርብሃል። ተረከዙ ቢበላሽብህም አትዘን፤ ፍታው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የምትሠራለትን ሰው እግር እይ። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ አባባ ግን አሁን እግራቸው ሞቆ ያድራሉ።