የቦዮ ረጃጅም እንግዶች

ጥር ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ቀን። ትምህርት የለም። ዓርብ ማታ ከክፍል ስንወጣ ከማስተምራቸው ጎልማሶች አንዱ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ አባባ፣ «ልጄ፣ ነገ ቦዮ እንውረድ። ያን የሣልከውን ወፍ በዓይንህ አሳይሃለሁ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ሳምንት «ሸ»ን ከነዘሯ ስናጠና፣ ሰሌዳው ላይ «ሽመላ» ብዬ ጽፌ ከጎኑ እግረ ረጅም፣ አንገተ ረጅም ወፍ ሥዬ ነበር። ክፍሉ ሁሉ በሥዕሌ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ይኼ ሽመላ አይደለም። በራሱ ላይ ዘውድ አድርገህለታል። ዘውድ ያለው ደግሞ ይጮሃል፣ ይጨፍራል። ሽመላ መቼ ይጨፍራል?» አሉ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ዘውዱን የጨመርኩት ለማማሩ ብዬ ነው። መልስ አልነበረኝም።

ቦዮ የሚገኘው በሀዲያ ዞን፣ በሻሾጎ ወረዳ ነው። ከሆሳዕና በጠዋት ተነስተን ሚኒባስ ተሳፈርን። ሆሳዕና ደጋ ናት፤ በጥርም ቢሆን ጠዋት ጋቢ ታስፈልጋለች። መኪናው ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርድ በየጓሮው ጥቅጥቅ ያለው እንሰት እየሳሳ ሄደ፤ የበቆሎ አገዳና የተጨደ የጤፍ ማሳ በዛ። ጋቢዬን አጣጥፌ ያዝኩ። ቦኖሻ ከተማ ወርደን ሻይ ጠጣን፣ ከዚያ ጥቂት በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር። አባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እሳቸው ባዶ እግራቸውን፣ እኔ በጫማ፤ የደከምኩት ግን እኔ ነኝ።

ቦዮ ሲታይ ሐይቅ ነው ማለትም፣ ሜዳ ነው ማለትም ይከብዳል። መሐሉ ውሃ ነው፤ ዙሪያው ረግረግ፣ ከረግረጉ ወዲህ ለምለም ሣር። በክረምት ከጉራጌ ተራሮች በኩል የሚወርደው ጎርፍ ይሞላውና ሜዳውን ሁሉ ይውጠዋል። በበጋ ውሃው ወደ መሐል ይሰበሰብና ሣሩን ትቶ ይሄዳል። ከዚህ አካባቢ የሚሰበሰበው ውሃ በብላቴ ወንዝ አድርጎ እስከ አባያ ሐይቅ ይወርዳል። ወደ ደቡብ ሲያዩ የከምባታ ተራሮች በጭጋግ ውስጥ ቆመዋል። ባለ 777 ደረጃው ሐምበሪቾ በዚያ በኩል ነው አሉኝ፤ እኔ ግን ከጭጋጉ መለየት አልቻልኩም።

ሜዳው ላይ ከብት ተሰማርቷል። ሴቶች ቄጠማ አጭደው በሸክም ይመለሳሉ። በከብቶቹ መሐል ደግሞ ከሩቅ ሰው የሚመስል ነገር ቆሟል። አንዱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አሥር ሆኑ። አባባ በበትራቸው እያመለከቱ፣ «ያውልህ» አሉ።

አማርኛችን እግረ ረጅሙን የውሃ ዳር ወፍ ብዙውን ጊዜ በአንድ ስም ሽመላ ይለዋል። የወፍ አጥኚዎች ግን እነዚህን ለይተው ክሬን ይሏቸዋል። ሕንፃ ሲሠራ ዕቃ ወደ ላይ የሚያነሳውን ረጅም ብረት ክሬን ስንል ሰምታችኋል። ስሙን የሰጠው ወፉ ነው፤ አንገቱን አይተው ነው ፈረንጆች ማሽኑን በስሙ የጠሩት። መለያውም ቀላል ነው። ሽመላ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፤ መንቆሩን ያንቀጫቅጫል እንጂ አይጮህም። ሳቢሳ ሲበር አንገቱን ያጥፋል። ክሬን ግን አንገቱን እንደ ጦር ዘርግቶ ይበራል፤ ሲጮህም ከኪሎ ሜትሮች ርቀት ይሰማል። የብዙዎቹ የክሬን ዓይነቶች የአየር ቧንቧ ረጅም ነው፤ ደረታቸው አጥንት ውስጥ ገብቶ እንደ መለከት ይጠመዘዛል። አባባ ይህን ስነግራቸው፣ «ታዲያ እኔ ምን አልኩህ? ይጮሃል አላልኩም?» አሉ።

በዓለም ላይ 15 ዓይነት ክሬን አለ። ከእነዚህ ሦስቱ በአገራችን በደንብ ይታወቃሉ።

አንደኛው ዘውድ ያለው ነው። አካሉ ጥቁር፣ ጉንጩ ነጭና ቀይ፣ በራሱ ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ዘውድ። የኡጋንዳ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያለው የዚህ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሲበላ መሬቱን በእግሩ ይረግጣል፤ አንበጣውና ፌንጣው ሲነሳ ለቀም ያደርጋል። ከክሬኖች መካከል ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚያድረው የዘውዳሞቹ ወገን ብቻ ነው። ሌሎቹ ጅብና ቀበሮ እንዳይደርስባቸው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ቆመው መተኛታቸው ገረመኝ። አባባ ግን፣ «ማሳ የሚጠብቅ ሰውም ቆሞ ይተኛል» አሉ።

ሁለተኛው እንግዳ ነው። ግራጫ ነው፤ አንገቱ ላይ ጥቁርና ነጭ አለው፣ በአናቱ ላይ ትንሽ ቀይ። አገሩ ሩቅ ሰሜን ነው፤ እኛ ዘንድ የሚመጣው አብዛኛው ከሩሲያ በኩል ይነሳል። እዚያ በረዶ ሲጀምር ጥቁር ባሕርን፣ እስራኤልን፣ ግብፅንና ሱዳንን አልፎ፣ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በርሮ በጥቅምትና በኅዳር ይደርሳል። በየካቲትና በመጋቢት ይመለሳል። በጣና ሐይቅ ዳርና በሱሉልታ ሜዳ በብዛት ይታያል። መንገዱን የሚያሳየው ማን ነው? ጫጩቶቹ በመጀመሪያው ዓመት ከአባትና ከእናታቸው ጋር አብረው ይበራሉ፤ መንገዱን ከእነሱ ይማራሉ። ፊደል የላቸውም፣ ካርታ የላቸውም።

ሦስተኛው ከብቶቹ መሐል ያየነው ነው። ቦዮን በዓለም ያስጠራው እሱ ነው። በአፍሪካ ካሉት ክሬኖች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል ያልፋል። አንገቱ ነጭ፣ ጀርባው ግራጫ ነው፤ ከአገጩ በታች በግራና በቀኝ እንደ ጉትቻ የሚንጠለጠል ቆዳ አለው። እኔ ባለ ጉትቻው አልኩት። በመላው አፍሪካ ያለው ከ10 ሺህ በታች ነው። አብዛኛው የሚኖረው በደቡብ፣ በነዛምቢያና በቦትስዋና ነው። የእኛዎቹ ከእነሱ ተለይተው ለብቻቸው የቀሩ ናቸው፤ ቁጥራቸውም ጥቂት መቶ ብቻ ነው። በክረምት በባሌ ተራሮችና በሌሎች ደጋማ ረግረጎች ይፈለፍላሉ። በበጋ እንደ ቦዮ ወዳለ ቦታ ወርደው ይሰበሰባሉ። መንቆራቸውን በጭቃው ውስጥ ነክረው የሣርና የቄጠማ ሥር እየቆፈሩ ይበላሉ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በፈረንጆች 1996 ለወፎች አስፈላጊ የሆኑ የአገራችንን ቦታዎች መዝግቦ ሲያወጣ፣ ቦዮንም አስገብቷል።

ለምን አነሱ? ባለ ጉትቻው ብዙ አይወልድም። አንድ፣ ቢበዛ ሁለት እንቁላል ይጥላል፤ የሚያሳድገው አንድ ጫጩት ብቻ ነው። ባልና ሚስት እየተፈራረቁ ከአንድ ወር በላይ ይታቀፋሉ። ከተፈለፈለም በኋላ ጫጩቱ ለመብረር ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ጎጆው በውሃ መካከል ካልሆነ ውሻም፣ እረኛም፣ ቀበሮም ይደርስበታል። ረግረጉ ከደረቀ ጎጆ የለም።

እኛ ስናያቸው ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ። ክንፋቸውን ዘርግተው አንገታቸውን ዝቅ፣ ቀና አደረጉ። አንዱ ሣር ነቅሎ ወደ ላይ ወረወረ። ከዚያ ዘለሉ። እውነትም ጭፈራ ነው። አባባ ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉ፤ ወዲያው አፈሩና ተዉት።

እዚህ ድረስ ጉዞው ጥሩ ነበር። ቁጭ ብለን ቆሎ ስንበላ ግን አባባ ያመጡኝ ለወፍ ብቻ አለመሆኑን ነገሩኝ።

አራት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ሁለቱ መሬት የላቸውም። አንዱ ከተማ ሄዶ ሸክም ይሸከማል። «ይኼን ሜዳ አየኸው? በዚህ በኩል ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ቢወርድ ይታረሳል። ለሁለቱ ልጆቼ ሩብ ሩብ ሄክታር ቢሰጣቸው ትልቅ ነገር ነው። ለቀበሌ ማመልከቻ መጻፍ እፈልጋለሁ። በገዛ እጄ። አንተ ፊደሉን ብቻ ታርምልኛለህ» አሉ።

ዝም አልኩ። የመጀመሪያ ደብዳቤያቸው ነው። ስድስት ወር ያስተማርኳቸው ለዚህ ቀን ነው። ታዲያ እምቢ ይባላል?

የማውቀውን ተናገርኩ። በእስራኤል አገር ሁላ የሚባል ረግረግ አለ። ከሩሲያ የሚመጡት ክሬኖች የሚያርፉበት ነው። በፈረንጆች 1950ዎቹ ወባን ለማጥፋትና የእርሻ መሬት ለማግኘት ተብሎ ቦይ ተቆፍሮ ደረቀ። በመጀመሪያ ሰው ተደሰተ። ኋላ ግን የደረቀው አፈር መስጠም ጀመረ፣ አቧራ ሆኖ በነነ፣ ከመሬት ውስጥ እሳት እየተነሳ አስቸገረ። በ1994 እንደገና ከፊሉን ውሃ መለሱበት። ወፎቹም በብዙ ሺህ መጡና የገበሬውን ለውዝ መብላት ያዙ። ገበሬዎቹና የወፍ ተቆርቋሪዎቹ ተመካክረው በአንድ ቦታ በትራክተር በቆሎ ይበትኑላቸው ጀመር፤ ወፉ እዚያ ይበላል፣ ማሳው ይተርፋል። አሁን ወፉን ለማየት ብዙ ሰው ከፍሎ ይገባል። በጃፓንም እንደዚሁ፤ በ1952 በጠናው ብርድ ሰሜን ያሉ ገበሬዎች በቆሎ ሰጥተው ሊያልቅ የነበረውን የአገራቸውን ክሬን አተረፉ። ያኔ በጥቂት አሥሮች የሚቆጠር ነበር፤ ዛሬ ከሺህ በላይ ነው።

አባባ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«የእነሱ ገበሬ በቆሎ ይተርፈዋል። ለእኔ ማን በቆሎ ይሰጠኛል? ባለፈው ኅዳር ስንዴዬ ሲደርስ ግራጫዎቹ መጡብኝ። ልጄ ማማ ላይ ሆኖ በወንጭፍ ሲጠብቅ ከረመ። ከትምህርት ቀረ። አንድ ጎረቤቴ፣ የተባይ መድኃኒት በበቆሎ ለውሰን እንበትን አለኝ። እንዴ፣ ዶሮዬስ? ልጄስ? ብዬ ተቆጣሁት። ወባውንም ከቆጠርከው እኛ አጎበር ውስጥ ነው የምናድረው። አሁን አንተ ፊደል ልታስተምረኝ ነው የመጣኸው ወይስ ለወፍ ጥብቅና ልትቆም?»

እውነት ነው። እኔ ክረምት ላይ ወደ ትምህርቴ እመለሳለሁ። እሳቸው እዚሁ ናቸው።

«እሺ አባባ፣ ወፉን ይተዉት። በበጋ ከብትዎ የት ይግጣል?» አልኳቸው።

«እዚሁ ነዋ። ሌላ የት ሣር አለ?»

«በክረምት ጎርፉ እዚህ ባያርፍ የት ይሄዳል?»

ወደ ታች፣ ወደ መንደሩ አዩ። መልስ አልሰጡም። እኔም አልገፋሁም። ረግረግ እንደ ስፖንጅ ነው፤ የክረምቱን ውሃ ይዞ ቀስ እያለ ለበጋ ይለቃል። ይህን ለማስረዳት ግን እሳቸው ከእኔ ይበልጣሉ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አይተውታል። ጥቂት ቆይተው ራሳቸው ሌላ ነገር አነሱ። «ድሮ ውሃው እዚህ ድረስ ጥልቅ ነበር። ጉማሬ እዚያ ጋ ይወጣ ነበር። አሁን ደለል ሞላው። ከላይ ያሉት ተዳፋቱን ያርሱታል፣ አፈሩ ወደኛ ይወርዳል። ቦይ ሳይቆፈርም እየደረቀ ነው» አሉ። እርከንና ዛፍ ከላይ ካልተሠራ ቦዮ በራሱ ጊዜ እንደሚሞላ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። በሐረርጌ የሐረማያ ሐይቅ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን መሬት ላይ ትቶ እንደነበር፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውሃ እንደተመለሰበት አጫወትኳቸው። «ተመለሰ?» አሉ ደጋግመው። የገረማቸው መድረቁ ሳይሆን መመለሱ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግራጫዎቹ ከየማሳው ተነስተው ወደ ውሃው መጡ። መጀመሪያ ድምፃቸው ተሰማ፤ ከዚያ በሰማይ ላይ እንደ ማረሻ ጫፍ ሾል ብለው ተሰልፈው ታዩ። እረኞቹ ከብቱን እየነዱ ወጡ። እኛም መጨረሻዋ ባጃጅ እንዳታመልጠን ፈጠን አልን።

ሰኞ ማታ አባባ ደብተራቸውን ይዘው ቀድመው መጡ። በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «ለቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት» ብለው ጽፈዋል። «ጽሕፈት»ን አስተካክለው ጽፈዋታል፤ እኔ ራሴ አንዳንዴ የምሳሳትባት ቃል ናት። ከታች «ጉዳዩ» ይላል። ከዚያ ሁለት ነጥብ።

«ቀጥሎስ?» አልኳቸው።

«ከልጆቼ ጋር እየተማከርን ነው። አንደኛው ቦዩ ይቆፈር ይላል። ሌላው ደግሞ ሣሩ ተከፋፍሎ እየታጨደ ይሸጥ፣ ከላይ እርከን ይሠራና ለሠራተኛው ቀን ይቆጠርለት ይላል» አሉ። ቀጥለውም እርሳሱን በምላሳቸው አርሰው፣ «ክሬን» እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቁኝ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው። ከ«ጉዳዩ» በታች ሳይሆን፣ በደብተሩ በመጨረሻው ገጽ ላይ ገለበጡት።

የ«ጉዳዩ» መስመር እስከ ዛሬ ባዶ ነው።