አሮጌዋ ላንድሮቨር

ታላቅ ወንድሜ ሲሞት አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ተወልኝ። አረንጓዴ ቀለሟ በፀሐይ ነጥቶ በየቦታው ተላልጦ ነበር። ሽጣት ብለው የመከሩኝ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን አልቻልሁም። ጋራዥ የጠየቀኝ ዋጋ ከሦስት ወር ደመወዜ ስለ በለጠ በግቢዬ ራሴ ልቀባት ቈረጥሁ።

በመጀመሪያ ተቻኰልሁ። ፓራፋንጎውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ወዲያው ቀባሁት። በሳምንቱ ልጄ በጥፍሯ ብትነካው ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ተገፎ ወጣ። አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ አይተው፣ «ይህ እኮ ብረት አይደለም፤ አሉሚኒየም ነው» አሉኝ። እውነትም የእነዚያ አሮጌ ላንድሮቨሮች አካል በአብዛኛው የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ ዝገት የሚበላው ከሥር ያለውን የብረት ሻንሲ ነው። አሉሚኒየም አየር ሲያገኘው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ ስለዚህ ለእርሱ የተዘጋጀ መነሻ ቀለም ካልቀደመ የላዩ ቀለም አጥብቆ አይይዝም።

እንደ ገና ጀመርሁ። የጸናው አሮጌ ቀለም መነሣት አላስፈለገውም፤ ሻከር እስኪል በ240 ቍጥር፣ ኋላም በ400 ቍጥር ብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያራስሁ አሸሁት። ሁለት ቅዳሜ በዚሁ አለቀ (ጎረቤቶቼ መኪና የማጥብ መስሏቸዋል)። ባዶ የቀረውን አሉሚኒየም መነሻ ቀለም አለበስሁት። ከዚያም አቧራ እንዳይነሣ ግቢውን ውኃ ረጭቼ፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ የዘይት ቀለሙን በማቅጠኛ አሳስቼ በሮለር ሦስት ጊዜ ቀባሁ።

በሾፌሩ በር ውስጠኛ ወገን ወንድሜ ዘይት የቀየረበትን ቀን በሚስማር ጭሮ ጽፎ ነበር። እዚያ ላይ ወረቀት ለጠፍሁበት፤ ቀለም አልነካውም።