የመኪናችን ዋጋና የዕዳችን መጠን



ውድ አንባብያን! በዚህ ወር የምናወጋችሁ ከገዛ ቤታችን የወጣ ጉዳይ ነው። ሲጀመር አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የመፈረምና ያለመፈረም ነገር ነበር። ሲያድር ግን የስድስት ዓመት ዕዳ የመሸከምና ያለመሸከም ጥያቄ ሆነብን።

የምንኖረው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። በዚህ አገር ልጅን ትምህርት ቤት ለማድረስ፣ ሥራ ለመግባትም ሆነ ለጁምዓ ሶላት ለመድረስ ያለ መኪና ይከብዳል። ለዓመታት ያገለገለችን አሮጌ መኪና ሞተሯ ተበላሽቶ ስትቆም፣ እኛ ባልና ሚስት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ መኪና መሸጫ አመራን።

ዓይናችን ያረፈባት አዲስ መኪና 28,000 ዶላር ትሸጣለች። ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያ ሲታከልበት 30,000 ሞላ። በእጃችን 4,000 ዶላር ነበረን፤ ሻጩ ግን «1,000 ብቻ ክፈሉ፣ ቀሪው ለቤታችሁ ይሁን» አለን። ደግነት መሰለን። የቀረው 29,000 ዶላር በ9 በመቶ ወለድ በ72 ወራት የሚከፈል ብድር ሆነ። ወለድ የሚለው ቃል ልባችንን ቢቆረቁረውም «ችግር ነው፣ ምን እናድርግ!» እያልን ራሳችንን አጽናናን።

ለፊርማ ስንቀርብ የብድር ጉዳይ የሚያስፈጽመው ሰው ሌላ ወረቀት አወጣ። «ጋፕ ኢንሹራንስ ይባላል፤ ዋጋው 800 ዶላር ነው፤ ከብድሩ ጋር ስለሚደመር በወር 14 ዶላር ብቻ ነው» አለን። ነገሩ ስላልገባን እስከ ሰኞ ጊዜ ጠይቀን ወጣን። አላህ (ሱ.ወ.) ያዳነን በዚያች የሁለት ቀን ጊዜ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ለመሆኑ ጋፕ ኢንሹራንስ ምንድን ነው? ጋፕ ማለት ክፍተት ነው። መኪና በአደጋ ከጥቅም ውጭ ስትሆን ወይም ስትሰረቅ መደበኛው ኢንሹራንስ የሚከፍለው በዕለቱ ገበያ የምታወጣውን ዋጋ እንጂ የተገዛችበትን ወይም የቀረባትን ዕዳ አይደለም። አዲስ መኪና ደግሞ ዋጋዋ ቶሎ ይወርዳል፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ አንድ አምስተኛውን ያህል ማጣቷ የተለመደ ነው። ዕዳው ግን በዝግታ ይቀንሳል። በወረደው ዋጋና በቀረው ዕዳ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍነው ውል ነው ጋፕ ኢንሹራንስ የሚባለው።

የዚህን ክፍተት ምንነት በገዛ ኪሱ የተማረ አንድ ወንድም በመስጂዳችን አለ። ከዒሻእ ሶላት በኋላ አማከርነው። «መኪናዬ ስትገጭ እኔ ደህና ወጣሁ፤ መኪናዋ ግን አበቃላት። ኢንሹራንሱ የከፈለው ዕዳዬን አልሸፈነም። የሌለችውን መኪና ዕዳ ከዓመት በላይ ከፈልኩ፤ ልጆቼን የማመላልሰውም በሰው መኪና ነበር» አለን። ቤታችን የገባነው «እንግዲያው ጋፑን መግዛት ሳይሻል አይቀርም» እያልን ነው።

ያን ምሽት ልጆቹ ሲተኙ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። ለተማሪዎች የመቶኛ ስሌት የምናስተምር ሰዎች የራሳችንን ሒሳብ ሳንሠራ ልንፈርም ነበር! ስሌቱ እንዲህ ነው። የወር ክፍያው ወደ 523 ዶላር ይመጣል። ከአንድ ዓመት በኋላ የሚቀረው ዕዳ 25,200 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ መኪናዋ በአንድ አምስተኛ ብትወርድ ዋጋዋ 22,400 ይሆናል። ኢንሹራንሱ በውሉ መሠረት በእኛ ላይ የሚጥለውን 1,000 ዶላር ቀንሶ 21,400 ይከፍላል። ስለዚህ ወደ 3,800 ዶላር ዕዳ ያለ መኪና በትከሻችን ይቀራል ማለት ነው። ያቺን 1,000 ዶላር ደግሞ ብዙው የጋፕ ውል አይሸፍናትም።

በየዓመቱ እያሰላን ስንሄድ፣ መኪናዋ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት በ15 በመቶ ብትወርድ፣ ዕዳውና ዋጋው የሚቀራረቡት በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ሆኖ አገኘነው። የጋፑ ዋጋ ግን በብድሩ ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ወለድ እየበላ 800ው ዶላር ከ1,030 በላይ ይሆናል። መደበኛ ኢንሹራንስ የሚሸጥልንን ድርጅት በስልክ ስንጠይቅ ያንኑ ሽፋን በዓመት 60 ዶላር እንደሚሰጥና በፈለግን ጊዜ መተው እንደምንችል ነገረን።

በመጨረሻ 523ን በ72 ስናባዛው ግን ሁለታችንም ዝም አልን። ጠቅላላ ክፍያው ከ37,600 ዶላር በላይ ነው! ከዚህ ውስጥ 8,600 የሚሆነው ወለድ ነው። እኛ ስለ 800 ዶላር ስንጨነቅ ትልቁን ጉዳይ አልፈነው ነበር።

በማግስቱ ወረቀቱን ይዘን ወደ ሸይኻችን ሄድን። ስለ ኢንሹራንስ ዑለማኦች የተለያዩ መሆናቸውን በትዕግሥት አስረዱን። በጂዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ በ1985 (እ.ኤ.አ.) የንግድ ኢንሹራንስ በውስጡ ባለው አሻሚነት ምክንያት እንደማይፈቀድና አማራጩ የመረዳዳት ኢንሹራንስ እንደሆነ ወስኗል። በ1979 (እ.ኤ.አ.) በሱዳን ሥራ የጀመረው ዓይነት ተካፉል የቆመው በዚህ የመረዳዳት መሠረት ላይ ነው። በሌላ በኩል እንደ ሶርያዊው ሸይኽ ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ ያሉ ዓሊሞች ኢንሹራንስን ፈቅደዋል። ሕግ የሚያስገድደው ግን ከዚህ ይለያል፤ በቨርጂኒያም ከሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማንኛውም መኪና ያለ ኢንሹራንስ መንቀሳቀስ አይችልም።

ከዚያም ሸይኻችን እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመልን አስሮ በአላህ መመካትን አስተምረውናል። ጥንቃቄ ተወኩልን አያፈርስም። ግን እናንተ የምትጠይቁኝ ስለ ገመዱ ነው፤ ግመሉ በወለድ የመጣ ከሆነስ? ይህን ክፍተት የከፈተው ማን ነው?» ከዚያም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ባለበት ሟች ላይ ለመስገድ ወደኋላ ማለታቸውንና የሰገዱበት አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን ከተረከቡ በኋላ መሆኑን አስታወሱን። የሟቹ ዕዳ ጥቂት ዲናር ብቻ ነበር።

ሰኞ ተመልሰን አልፈረምንም። ከአገር ልጆች ጋር በወር 500 ዶላር የሚጣልበት፣ አሥር ሆነን የጀመርነው ዕቁብ ገባን። ልብ በሉ፤ የወሩ መዋጮ ከመኪናው ክፍያ ብዙም አይለይም፤ ግን በአሥር ወር ያልቃል፣ ወለድም የለበትም። ዕጣችን የወጣው በአራተኛው ወር ነበር። እነዚያ አራት ወራት ቀላል አልነበሩም። ከሁለታችን አንዳችን ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ እንጠብቅ ነበር፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርስልን ጎረቤታችን ነበረች። ተነጫንጨናል፣ «ምነው በፈረምን» ያልንበት ቀንም አለ። በመጨረሻ የዕቁቡን 5,000 ከነበረን 4,000 ጋር አድርገን የስምንት ዓመት ዕድሜ ያላት መኪና በጥሬ ገንዘብ ገዛን። አልሐምዱሊላህ! የያዝነው ሕግ የሚያስገድደውን ኢንሹራንስ ብቻ ነው። ነገ በእኛ ጥፋት ብትጋጭ መኪናዋን ልናጣ እንችላለን፤ ዕዳዋ ግን አይከተለንም።

ውድ አንባብያን! ይህን የምንጽፈው ፈትዋ ለመስጠት አይደለም፤ ለዚያ ባለቤቶቹ ዑለማኦች አሉ። ብድር ውስጥ ገብታችሁ ከሆነ የቀረውን ዕዳና የመኪናችሁን የዛሬ ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ለኩ። ክፍተት ከሌለ ጋፕ የሚከፍላችሁ ነገር የለም። ካለም የምትጠይቁትን ዓሊም ሒሳቡን አሳዩት። የጋፕ ውል ብዙውን ጊዜ ያለፈበትን የወር ክፍያ እንደማይሸፍን፣ ብድሩ ቀድሞ ሲያልቅም ያልተጠቀማችሁበት ገንዘብ ሊመለስላችሁ እንደሚችል አንብባችሁ እወቁ። ገና ያልፈረማችሁ ግን በቅድሚያ ክፍተቱን አትክፈቱ።

አላህ (ሱ.ወ.) ከዕዳ ጭንቀት ይጠብቀን፤ በሐላሉ ያብቃቃን። አሚን።