ከማን? ወደ ማን?

የንባብ ክፍል፦ ዮሐንስ 6፥60-69፤ 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13-18

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የሩሲያ ቋንቋ ግስ ነው። “ይህ ከመንፈሳዊ ሕይወት ጋር ምን አገናኘው?” የምትሉ ጥቂት ታገሡኝ።

ግሱን ያስተማሩኝ እዚሁ ፀዳ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። የመጀመሪያው ዓመት የቋንቋ ትምህርት ነበር፤ ጋሼን በጣም ያስቸገራቸው “ሄደ” የምትለው ቃል ናት። እኛ በእግሩ ገበያ የወረደውንም፣ በሚኒባስ ባሕር ዳር የገባውንም “ሄደ” እንላለን። ሩሲያውያን ግን ይለያሉ። በእግሩ ከሄደ “ኡሾል”፣ በመኪና ወይም በባቡር ከሆነ “ኡዬኻል” ይላሉ። ለጥቂት ጊዜ ዘወር ካለ “አታሾል”፣ ሴት ከሆነች ደግሞ “አታሽላ” ነው። ባለሱቋን ብታጧት ጎረቤቷ “አታሽላ” ይላችኋል፤ ዘወር ብላ ነው፣ አሁን ትመለሳለች ማለቱ ነው። እኛስ ከቤት ስንወጣ “መጣሁ” እንል የለ?

የጋሼ ባለቤት ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ደረስኩ። አንድ ጎረቤት “እማማ ጥለውን ሄዱ” ብሎ ሲያለቅስ ጋሼ ቀስ ብለው “አታሽላ” አሉ። ዘወር ብለው ቀረብ አሉኝና፣ የሩሲያ አማኞች በጌታ ስላረፈ ሰው “አታሾል ኮ ጎስፖዱ” እንደሚሉ ነገሩኝ፤ ወደ ጌታ ሄደ ማለት ነው። “ለባለሱቋ የሚነገረው ቃል ነው፣ ፓስተር። እኔን ያጽናናኝ ግን ‘ወደ ጌታ’ የሚለው ነው” አሉኝ። ከዚያም አለቀሱ። አያልቅሱ አላልኳቸውም። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ እንባውን አፍስሷል። ጳውሎስም ተስፋ እንደሌላቸው እንዳናዝን ነው እንጂ ጭራሽ እንዳናዝን አልነገረንም።

በሌላ ጊዜ ጋሼ የሩሲያኛ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አወጡና ዮሐንስ 6ን አነበብን። እ.ኤ.አ. በ1876 ታትሞ የወጣው ይህ ትርጉም ዛሬም በኦርቶዶክሱም በወንጌላዊውም ዘንድ ይነበባል። ቁጥር 66 ላይ ብዙዎች ጌታን ትተው ሲሄዱ የተጻፈው ያው ግስ ነው። ቁጥር 67 ላይ ጌታ ዐሥራ ሁለቱን ሲጠይቅም ያው ግስ ነው። በእኛ አማርኛ ግን አንዱ “ተመለሱ”፣ ሌላው “መሄድ” ስለሆነ ይህን አላስተዋልኩትም ነበር።

እንግዲህ አንዱ ቃል ከጌታ ለሚሸሽም ወደ ጌታ ለሚሰበሰብም ያገለግላል። የሚለያቸው ከማን ተለይቶ፣ ወደ ማን እንደሄደ ነው። ጴጥሮስ የመለሰውም ለዚህ ነው። “እኔ ጽኑ ነኝ” ብሎ አልፎከረም፤ “ወደ ማን?” ብሎ ጠየቀ። የዘላለም ሕይወት ቃል ያለው ሌላ ሰው አላገኘም።

ወገኖቼ፣ በየጉባኤያችን ባዶ ወንበር አለ። አንዳንዶቹ ለእንጀራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዐረብ አገር ተጉዘዋል። በአካል ርቀዋል፤ ጌታን ከያዙ ግን ከእርሱ አልራቁም። አንዳንዶቻችን ደግሞ የጸሎት ቤቱ ደጃፍ ላይ እየኖርን ሄደናል። በአንድ ቀንም አይደለም። መጀመሪያ ጸሎቱ ቀረ፣ ቀጥሎ ቃሉ፣ ከዚያ ኅብረቱ። ሁልጊዜ “ትንሽ ዘወር ብዬ እመለሳለሁ” እያልን ነው። ከጌታ የሚለይ ሰው “ለዘላለም ሄድኩ” ብሎ አይነሣም።

አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እህቴ፣ ዛሬ እግራችሁ ወደ ማን እየሄደ ነው? ገና ጌታን የምትፈልጉ ብትሆኑም ጥያቄው ያው ነው። ወደ እርሱ የሚመጣውን ከቶ ወደ ውጭ አያወጣውም (ዮሐ 6፥37)።

ጌታ ሆይ፣ ከአንተ ዘወር ያልነውን መልሰን። ወዳጆቻቸው ወደ አንተ የሄዱባቸውን አጽናና። የእኛም ቀን ሲደርስ መንገዳችን ወደ አንተ ይሁን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።