ራይንና ኦሞ

በሃግሴትራ፣ የምድር ባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍላችን፣ አንድ ማታ የሞንትጎመሪ ጦር መጋቢት 14 ቀን 1937 ዓ.ም. ሌሊት ራይንን ሲሻገር በቴሌቪዥን ተመለከትን። «እናንተስ በዚያ ጦርነት ነበራችሁበትን?» ሲል ስዊድናዊው ጎረቤታችን ጠየቀን። መልስ አጥተን አፈርን።

እርሱ ከሄደ በኋላ ኦሞ ትዝ አለን። በግንቦት 1933 ዓ.ም. ማለቂያ፣ ዝናም የሞላውን ወንዝ ጠላት እየተኮሰባቸው ወደ ጅማ የተሻገሩት የናይጄሪያና የምሥራቅ አፍሪቃ ወታደሮች ነበሩ፤ በዚያው አገር የገረሱ ዱኪ አርበኞች ይዋጉ ነበር። የወታደሮቹ አገሮች ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነበሩ።

እኛ የድንበሩን ወንዝ የተሻገርነው አገር ጥለን ለመውጣት ነበር፤ እነርሱ ግን ራሳቸው ያላገኙትን ነፃነት ለእኛ ለማምጣት ተሻገሩ። በማግሥቱ የጎረቤታችንን በር አንኳኳን።