መቅዘፊያው በማን ልክ ይሁን?

እስቲ ዛሬ ስለ መቅዘፊያ እንጫወት። ካያክ ሲባል ቶሎ የሚታየን በሁለት በኩል ዝርግ ጫፍ ያለው ረጅም መቅዘፊያ ነው። ባለ አንድ ጫፉን የካኑ ነው ብለን ትተነዋል። ግን እኮ አላስካ ውስጥ የኑኒቫክ ደሴት አዳኞች ካያካቸውን በአብዛኛው የሚቀዝፉት በዚሁ ባለ አንድ ጫፍ ነበር!

እኔም እወደዋለሁ። ባለ ሁለት ጫፉ ሲነሳ ውኃው በዘንጉ እየወረደ ጭን ያረጥባል፤ ነፋስ ከመጣም ሽቅብ የቆመውን ጫፍ ይገፋዋል። ባለ አንዱ ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል። ችግሩ ጀልባዋን ማዞሩ ነው፤ በቀኝ ሲቀዝፉ አፍንጫዋ ወደ ግራ ይሄዳል። የካኑ ሰዎች ቀዘፋውን ሲጨርሱ ጫፉን ወደ ውጭ ገፋ አድርገው ያቀኗታል። ካያክ ውስጥ ዝቅ ብሎ ለተቀመጠ ግን ይህ አይመችም፤ ጥቂት በቀኝ፣ ጥቂት በግራ እያሉ መሄድ ይሻላል። በእግር የሚዘወር መሪ ካላትማ ጭራሽ አያሳስብም።

ዋናው ነገር ልኩ ነው። ለካኑ ሲመርጡ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡና መቅዘፊያውን ዘቅዝቀው እጀታውን በጭንዎ መካከል ወንበሩ ላይ ያቁሙት። ዘንጉ ከዝርጉ ጫፍ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አገጭዎና አፍንጫዎ መካከል ከደረሰ ልክዎ ነው። ለካያክ ከዚያ ያጠረ ይያዙ። የካያክ መቀመጫ ወለሉ ላይ ስለሆነ ትከሻዎ ለውኃው ይቀርባል። ዝርጉ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ሲሰምጥ የላይኛው እጅዎ ከዓይንዎ በላይ ከወጣ መቅዘፊያው ረዝሟል፤ ትከሻዎ ብዙ ሳይቆይ ይነግርዎታል።

ባለ ሁለት ጫፉን ሻጮች በሴንቲ ሜትር ይነግሩዎታል፤ ለጠባብ የባሕር ካያክ 210 ወይም 220፣ ሰፋ ላለች 240። ቁጥሩ መነሻ ይሁንዎት እንጂ እኔ የግሪንላንድ ቀዛፊዎች አለካክ ይበልጥብኛል። ሁለት እጅ ተዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ይለካል፤ በላዩ አንድ ክንድ ይጨመራል። የጫፉ ስፋት ደግሞ መዳፍ ጨብጦ የሚይዘውን ያህል ነው። የአጭር ሰው መቅዘፊያ አጭር፣ የረጅም ረጅም ሆኖ ይወጣል፤ ሱቅ ውስጥ ሁሉም በአንድ ቁጥር መሰለፉ ነው የሚያናድደኝ።

ከመግዛትዎ በፊት ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጠው ይሞክሩት፤ ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ጋ ይሂዱ። ባለ ሁለት ጫፉን ቢመርጡም አጭሩን ከኋላዎ አስረው ይያዙ፤ ረጅሙ መሐል ሐይቅ ላይ ቢሰበር ዳር የሚያደርስዎ እሱ ነው።